የማሎሪ ልብስ ምን ይመሰክራል?

ሜይ 1 ቀን 1999 አሜሪካዊው ተራራ ወጪ ኮንራድ አንከር በኤቨረስት ሰሜናዊ ገጽ፣ 8,155 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጠጠር ላይ በሆዱ የተደፋ፣ ፀሐይና ውርጭ እንደ እብነ በረድ ያነጡት የሰው ገላ አገኘ። (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጀርባውን ልብስ ነፋስ በጣጥሶ ጨርሶታል፤ ከደረቱ ሥርና ከአንገቱ ዙሪያ የቀረው ግን የጥጥ፣ የሐርና የሱፍ ድርብርብ ነበር። ፈላጊዎቹ በመጀመሪያ የወጣቱ የአንድሩ ኧርቪን አስከሬን መስሏቸው ነበር። የሸሚዙን አንገትጌ ገልጠው ሲያዩ ግን የጆርጅ ማሎሪን ስም አነበቡ። ማሎሪና ኧርቪን ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ከዚያ 75 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጁን 8 ቀን 1924፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ጓዳቸው ኖኤል ኦዴል ደመናው ለአፍታ ሲገለጥ በሸንተረሩ ላይ ወደ ላይ ሲጓዙ አያቸው፤ ደመናው ተመልሶ ሲገጥም ከዓይኑ ተሰወሩ። የሟቹን ማንነት እንግዲህ የነገረን ጨርቅ ነው። ያ ጨርቅ ከስም ሌላ ምን ሊነግረን ይችላል የሚለው ጥያቄ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓለም ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች አጥብቆ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሂላሪና ቴንዚንግ በ1953 ከመድረሳቸው 29 ዓመት በፊት ጫፍ ረግጠው ነበር ወይ? ይህን ለመመለስ ሲሉ ሰዎች የዘመኑን ልብስ አምሳያ አሰፍተው ለብሰዋል፤ ምስማር የተመታበትን ጫማ አጥልቀው በዚያው ተራራ ላይ ተራምደዋል። ይህን የመሰለው ጉዞ ተመልካች ይስባል፤ ነገር ግን የታሪክ ማስረጃ ለመባል ይበቃል ወይ? ይበቃል ባይ ነኝ፤ ግን ብዙዎቹ በሚፈልጉት ጥያቄ ላይ አይደለም። የድሮውን መንገድ በድሮው ዕቃ መልሶ መሄድ ማን ጫፍ እንደደረሰ አይነግረንም። የሚነግረን የጥንቱ ሰው ምን ያውቅ እንደነበር፣ ዕቃው እስከ የት ያደርሰው እንደነበርና የት ላይ ይከዳው እንደነበር ነው። ይህ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያህል ክብደት አለው፤ ምክንያቱም ስለ እነዚያ ሰዎች ለዘመናት ይዘነው የኖርነው አስተያየት የተሠራው ከማስረጃ ሳይሆን ከፎቶግራፍ ነው።

በ1920ዎቹ ጉዞዎች የተነሱትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ለሰዎቹ ማዘኑ አይቀርም። ኮትና ሹራብ ለብሰዋል፤ ባታቸውን በገምባሌ ጠምጥመዋል፤ አንዳንዱም ክራባት አስሯል። ጸሐፌ ተውኔቱ ጆርጅ በርናርድ ሾው ይህን ሥዕል ባየ ጊዜ በኮነማራ ገጠር ለሽርሽር ወጥተው ድንገት በረዶ የወረደባቸው ሰዎች ይመስላሉ ማለቱ ይነገራል። አባባሉ ለመቶ ዓመት ሲደጋገም ኖሮ እንደ ታሪክ ፍርድ ተቆጠረ፤ ሰዎቹ ደፋሮች ነበሩ፣ ግን አላዋቂዎች፣ ለቤት በሚለበስ ልብስ ሞትን ሊገጥሙ ሄዱ ተባለ። ሆኖም ፎቶግራፎቹ የሚያሳዩት አብዛኛውን ጊዜ በሰፈር የተቀመጡ ሰዎችን እንጂ ከፍታ ላይ የሚወጡትን አይደለም። ከፍታ ላይ ምን ይለብሱ እንደነበር የ1924ቱ ጉዞ መሪ ኤድዋርድ ኖርተን ዘርዝሮ ጽፎታል። ወፍራም የሱፍ የውስጥ ልብስ፣ ከላዩ ወፍራም የፍላኔላ ሸሚዝ፣ ከዚያ ሁለት ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ የጋባርዲን ኮትና ሱሪ፣ በዚያም ላይ ሌላ ስስና ሰፊ የጋባርዲን ልብስ፤ እግሩ ላይ ለስላሳ የካሽሚር ገምባሌና በቆዳ የተጠናከረ፣ ጥቂት ምስማር ብቻ የተመታበት የላባድ ጫማ፤ ራሱ ላይ በጸጉራም ቆዳ የተገጠገጠ የሞተር ብስክሌት ነጂ ቆብ። ይህን የለበሰው ሰው ጁን 4 ቀን 1924 ያለ ኦክስጅን 8,573 ሜትር ደረሰ። ሜስነርና ሃበለር በ1978 እስኪያልፉት ድረስ ለ54 ዓመት ያለ ኦክስጅን ከዚያ በላይ መድረሱ የተረጋገጠለት ሰው አልነበረም።

የዚህ አለባበስ ምስጢር ለደገኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ ስለወፈረ ሳይሆን አራት ድርብ ስለሆነ ነው፤ በድርቦቹ መካከል የታሰረው አየር ነው ብርዱን የሚያግደው። የኖርተንና የማሎሪ ልብስም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ በርካታ ድርብ አንድ ላይ ሲደረብ በየመካከሉ አየር ይይዛል። አየሩን ነፋስ ጠርጎ እንዳይወስደው ከላይ የሚደረበው ጋባርዲን ደግሞ ቶማስ በርበሪ በ1879 ያወጣው፣ ክሩ እጅግ ተቀራርቦ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ውሃን ቶሎ አያሳልፍም፣ ከገላ የሚወጣውን ላብ ግን ያስወጣል። ዛሬ በየሱቁ በብዙ ዋጋ የሚሸጠው ነፋስ ከልካይ ጃኬት የሚኩራራበት ጠባይ ይኸው ነው።

ይህ በግምት ሳይሆን በሙከራ እንዲታወቅ ያደረገው በ2000ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የተጀመረው የማሎሪን ልብስ መልሶ የመሥራት ሥራ ነው። የጨርቅ ጥበቃ ባለሙያዎች ከተራራው የመጡትን ብጥስጣሾች በአጉሊ መነጽር አዩ፤ የክሩን ውፍረት፣ የሽመናውን ዓይነት፣ የስፌቱን አካሄድ መዘገቡ፤ ከዚያ ያንኑ ጨርቅ አሸምነው ያንኑ ልብስ አሰፉ። እንዲህ ያለው ልፋት ራሱ ትምህርት ነው። የጥንቱን ጨርቅ መልሶ ለማግኘት ሽመናውን የሚችል እጅ ያስፈልጋል፤ የ1924 ልብስ ሰፊ እንደ ቀላል ነገር ይሠራው የነበረው ሥራ ዛሬ ብዙ ሰዎችን የሚያደክም መሆኑ ሲታይ፣ አላዋቂዎች ያልናቸው ሰዎች ከጀርባቸው ምን ያህል የጠለቀ የእጅ ሙያ እንደነበራቸው ይገባናል። በ2006 የቢቢሲው ፊልም ሠሪ ግራሃም ሆይላንድ፣ በ1924ቱ ጉዞ ላይ የነበረው የሃዋርድ ሶመርቬል ዘመድ፣ ይህን አምሳያ ልብስ በኤቨረስት ሰሜናዊ ወገን ለብሶ ሞከረው። ከሙከራው የወጣው ነገር ማንም በፎቶግራፍ ሊያየው የማይችል ነበር። ልብሱ ቀላል ነው፤ እንደ ዘመኑ ወፍራም የላባ ልብስ ሰውነትን አይጠፍርም፤ ሐሩም በሱፎቹ መካከል የገባው ለጌጥ ሳይሆን አንዱ ድርብ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ነው። ክንድ ሲነሳ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ሱፍ ከሱፍ ጋር አይያያዝም። አየር በሳሳበት ከፍታ ላይ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ትንፋሽ ይፈጃልና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው መለኪያ ግን ለአድናቂዎችም ልክ አበጀላቸው። በሎፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ሃቬኒት የተባለው ተመራማሪ የማሎሪን ልብስ አምሳያ፣ ከዋልታ ተጓዦቹ ከስኮትና ከአሙንድሰን ልብስ አምሳያዎች ጋር፣ ሙቀት በሚለካ አሻንጉሊት ላይ አልብሶ ፈተነው። የማሎሪ ልብስ ነፋሱ ጸጥ ካለና ለባሹ እየወጣ ሙቀት እያመነጨ ከሆነ ከዜሮ በታች እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ሊበቃ ይችል ነበር። ነፋስ ከተነሳ ወይም ሰውየው ከቆመ ግን አይበቃም። እዚህ ላይ የጠቅላላው ታሪክ ቁልፍ አለ። ልብሱ የሚራመድ ሰው ልብስ ነው፤ የተቀመጠ፣ የተጎዳ፣ የመሸበት ሰው ልብስ አይደለም። ምድጃው የሰውየው የራሱ ገላ ነው፤ ጨርቁ ያንን ሙቀት ይይዛል እንጂ ከራሱ አይሰጥም። የማሎሪ ቀኝ እግር ተሰብሮ ነበር፤ ወገቡ ላይ የታሰረው ገመድም ተበጥሷል። ኦዴል ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ እንደተነሳ ጽፏል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ከመለኪያው ውጤት አጠገብ ስናስቀምጣቸው፣ የብርዱ አደጋ የተጋረጠው ለሽርሽር የለበሱ ሰዎች ስለነበሩ እንዳልሆነ እናያለን። ጠዋት የበቃው ልብስ መሸት ሲል የማይበቃ ሆነ። ከጨርቁ ይልቅ ሰዓቱ ነበር ጠላታቸው።

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ፣ ታዲያ የተሻለ ልብስ በዚያ ዘመን አልነበረምና በምን ይወቀሳሉ ሊል ይችላል። ነበረ። በ1922ቱ ጉዞ ላይ ኬሚስቱ ጆርጅ ፊንች ከባሉን ጨርቅ የተሰፋና በለስላሳ የወፍ ላባ የተሞላ ኮት አሠርቶ ለብሶ ነበር፤ የዛሬው ተራራ ወጪ ሁሉ የሚለብሰው ልብስ አባት ነው። ጓዶቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ብርዱ ሲጠና ግን ቀኑበት። በዚያው ዓመት ሜይ 27 ቀን ፊንችና ጄፍሪ ብሩስ በኦክስጅን እየታገዙ 8,320 ሜትር ገደማ ደረሱ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ከዚያ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ነገር ግን ፊንች በአውስትራሊያ ተወልዶ በስዊዘርላንድ የተማረ፣ ሐሳቡን የማይደብቅ፣ በለንደን የአልፓይን ክለብ ሹማምንት ዘንድ የማይወደድ ሰው ነበርና በ1924 ከጉዞው ተተወ፤ ኮቱም ከእርሱ ጋር ቀረ። አምሳያውን የሰፉት ሰዎች ሥራ ይህን ታሪክ በሌላ ብርሃን እንድናየው ያደርጋል። የማሎሪ ልብስ ለሚንቀሳቀስ ሰው ጥሩ መሆኑን ስናውቅ፣ የፊንች ኮት ደግሞ ለቆመ ሰው የሚያስፈልገው እንደነበር ስናውቅ፣ መድኃኒቱ ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ተራራ ላይ ተፈትኖ እንደነበር ግልጽ ይሆናል። የጎደለው እውቀት ሳይሆን እውቀት ያለውን ሰው የመስማት ፈቃድ ነው። ዋልታዎቹ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ አሙንድሰን ከኔትሲሊክ ኢኑዊት ዘንድ ተቀምጦ የጸጉራም ቆዳ አለባበስ ተምሮ ሄደ፤ ስኮት ግን የአገሩን ሱፍና ጋባርዲን ይዞ ሄደ።

ይህን የምርምር መንገድ የሚጠራጠሩ ሰዎች ቁም ነገር ያለው ሙግት አላቸው። የመጀመሪያው፣ አምሳያ ዕቃ የሚቻለውን እንጂ የሆነውን አያሳይም የሚል ነው። ልክ ናቸው፤ ለዚህ ከኤቨረስት ሁለተኛው እርከን የሚበልጥ ምሳሌ የለም። በ8,610 ሜትር ላይ የቆመው ይህ ገደል በሸንተረሩ መንገድ ዋናው እንቅፋት ነው። ቻይናውያን በ1960 ሲወጡት ቁ ዪንኋ ጫማውን አውልቆ የጓዱ የሊዩ ሊያንማን ትከሻ ላይ ቆመ፤ ለዚያም የእግሩን ጣቶች ከፈለ። በ1975 ሌላ የቻይና ቡድን መሰላል ተከለበት። አንከርና እንግሊዛዊው ሊዮ ሆልዲንግ በ2007 መሰላሉን አንስተው ገደሉን በእጅና በእግራቸው ብቻ ወጡት። ይህ ማሎሪ ሊወጣው ይችል እንደነበር ያሳያል የሚሉ አሉ፤ አያሳይም የሚሉም አሉ። አንከር ራሱ የገደሉን አስቸጋሪነት በተለያየ ጊዜ የተለያየ ደረጃ ሰጥቶታል። አንድ የተካነ ሰው በገዛ እጁ የነካውን ድንጋይ ሁለት ጊዜ ሁለት ዓይነት ከመዘነው፣ ከሰማንያ ዓመት በፊት ሌላ ሰው በሌላ ጫማ ምን እንዳደረገበት ከዚያ መመስከር አይቻልም። በዚህ ላይ ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ነኝ። ኧርቪን ይዞት ነበር የሚባለው የኮዳክ ካሜራ ተገኝቶ ፊልሙ ካልታጠበ በቀር ጥያቄው ሳይመለስ ይኖራል፤ ማንም ሰው ልብስ ሰፍቶ አይመልሰውም።

ሁለተኛው ሙግት ከዚህ ይከብዳል። ዛሬ የድሮ ልብስ የሚለብስ ሰው የድሮ ፍርሃት አይለብስም ይላሉ። የአየር ጠባዩን ትንበያ ያውቃል፤ ቢጎዳ የሚደርስለት አለ፤ ብርዱ ከበዛበት የላባ ልብሱ ከቦርሳው አለ። አንከርና ሆልዲንግም አምሳያውን ልብስ በተራራው ታችኛ ክፍል ለብሰው ቆይተው ወደ ጫፍ ሲወጡ የዘመኑን ልብስ ነው የለበሱት፤ አስተዋይ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ገመድን ብንወስድ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ከ1940ዎቹ ወዲህ የመጣው የናይለን ገመድ የወደቀን ሰው ተለጥጦ ይይዛል፤ ከተፈጥሮ ጭረት የተገመደው የጥንቱ ገመድ ግን ብዙ አይለጠጥም፣ ውድቀቱ ከበረታ ይበጠሳል። ጁላይ 14 ቀን 1865 ማተርሆርን የተባለው ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጥቶ ሲወረድ ከሰባቱ ሰዎች አራቱ፣ ክሮ፣ ሃዶው፣ ሃድሰንና ሎርድ ፍራንሲስ ዳግላስ፣ ወደቁ። በዳግላስና በሽማግሌው መሪ በታውግቫልደር መካከል የነበረው ገመድ፣ ከያዟቸው ሦስት ገመዶች ደካማው፣ ተበጠሰ፤ ቁራጩ ዛሬም በዜርማት ሙዚየም ይታያል። እንዲህ ያለውን ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ በእርሱ ላይ ሆን ብሎ የሚወድቅ ሞካሪ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ስለዚህ የድሮው ተራራ ወጪ ዋና ሕግ፣ ከፊት ያለው ሰው ፈጽሞ መውደቅ የለበትም የሚለው፣ በአምሳያ ጉዞ ውስጥ እንደ ቃል ይነገራል እንጂ እንደ ሕይወት አይኖርም።

ይህን ሁሉ ተቀብዬ ግን መንገዱን አልጥለውም። የፍርሃቱ አለመኖር ስለ ሰዎቹ ልብ የምንናገረውን ያጎድላል እንጂ ስለ ዕቃው የምናውቀውን አያጠፋም። ሐር በሱፍ ላይ የሚንሸራተተው ለባሹ ቢፈራም ባይፈራም ነው። ከዚህም በላይ፣ እንዲህ ያለው ሙከራ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ሲከሽፍ ነው፤ ለዚህም ከተራራ ወርደን ወደ ውሃ፣ ያውም ወደ ጣና፣ መሄድ ይጠቅማል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት በ1969 ከጣና ሐይቅ ደንገል አስቆርጦ ወደ ግብፅ ወሰደ፤ በጣና ላይ ታንኳ ከሚሠራበት ከዚያው ተክል በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ራ የምትባለውን ጀልባ አሠራ። በጥንቶቹ የግድግዳ ሥዕሎች ላይ ከጀልባው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ ገመድ ይታያል። ጥቅሙ ያልተገባቸው ሠሪዎችና ተጓዦች ገመዱን ተዉት። ባሕሩ መካከል ግን የኋላው ጫፍ እየረገበ ውሃ እየጠጣ ሄደ፤ ራም ካሪቢያን ሳትደርስ ተተወች። ለካ ያ ገመድ ጌጥ ሳይሆን የኋላውን ጫፍ እንደ ደጋን ወጥሮ የሚይዝ ነበር። በማግስቱ ዓመት የተሠራችው ሁለተኛዋ ራ ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ግብፃውያን አትላንቲክን ተሻግረዋል የሚለው ሐሳብ በዚህ አልተረጋገጠም፤ ብዙ ሊቃውንትም አይቀበሉትም። የአንዲት ገመድ ትርጉም ግን ታወቀ፤ ያንን ማንም ሥዕሉን አፍጥጦ በማየት አያገኘውም ነበር። የማሎሪ የሐር ሸሚዝና የራ ገመድ በእኔ ዘንድ አንድ ዓይነት ማስረጃ ናቸው።

ነገሩ የፊልም ትርኢት ነው፣ ስፖንሰር ያለው ጭፈራ ነው የሚሉም አሉ። አንዳንዱ እንደዚያ ይሆናል። ልዩነቱን የማየው ሰዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ጥያቄ ይዘው እንደሆነና የማይወዱትን መልስ ለመቀበል ዝግጁ እንደሆኑ በመመልከት ነው። ጥያቄውም የግድ የጨርቅ ሙቀት መሆን የለበትም። አንሪየት ዳንዥቪል በ1838፣ በ44 ዓመቷ ሞንብላንን ስትወጣ ልብሷን ራሷ አስባ ነው ያሰፋችው፤ ሴት ሱሪ ብቻ ለብሳ መታየቷ ነውር በሚባልበት ዘመን ወፍራም ሱሪ ከረጅም ቀሚስ ሥር ለበሰች። በዘመናችን ኤሊዝ ዎርትሊ የተባለች እንግሊዛዊት እንደ አሌክሳንድራ ዴቪድ ኒል ያሉ የጥንት ሴት ተጓዦችን መንገድ በዘመናቸው ልብስና ዕቃ ትከተላለች። እንዲህ ያለው ጉዞ ተራራው ከጣለባቸው ሸክም በላይ ልማዱ በጨርቅ መልክ የጫነባቸውን ሸክም እንድናስብ ያደርገናል። ይህን ትርኢት ብሎ ማለፍ ችኮላ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ አምሳያ የማያስፈልገው ምሳሌ አለ። በደብረ ዳሞ፣ አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ታግዘው ወጡበት በሚባለው አምባ፣ መነኮሳቱና ወንድ ምእመናን ዛሬም አሥራ አምስት ሜትር ያህል የሆነውን ገደል በጠፍር ተይዘው ይወጣሉ። እዚያ የድሮው ዕቃ ከሙዚየም ወጥቶ አልመጣም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖረ። ጠፍሩ መቼ እንደሚለወጥ፣ እግር ከየትኛው የድንጋይ ስንጥቅ እንደሚገባ፣ ከላይ የሚስበው ሰው ክብደቱን እንዴት እንደሚያሳርፍ የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ አለ። ኤቨረስት ላይ ግን ምስማር ያለው ጫማ የሚረግጡ፣ በጋባርዲን የሚያድሩ ሰዎች ልማድ በአንድ ትውልድ ውስጥ ተቆረጠ፤ ስለዚህ ነው በአጉሊ መነጽርና በአሻንጉሊት መልሰን የምንፈልገው። አምሳያ ጉዞ ልማዱ ለተቋረጠበት ነገር የሚደረግ ጥገና ነው፤ ልማዱ በሕይወት ባለበት ቦታ ግን ይልቅ ጠባቂውን መጠየቅና መመዝገብ ይበልጣል።

በእነዚህ ጉዞዎች ላይ የማነሳው ከባድ ቅሬታ ተጠራጣሪዎቹ ያላነሱት ነው። አምሳያው የሚሰፋው የጌቶቹ ልብስ ነው። የ1922ቱ ጉዞ ያበቃው ጁን 7 ቀን ማሎሪ የሚመራውን ቡድን የበረዶ ናዳ መትቶ ሰባት ተሸካሚዎችን ሲገድል ነው፤ ከእንግሊዛውያኑ አንድም አልሞተም፣ ሶመርቬልም ይህ እንዴት እንዳሳፈረውና እንዳሳዘነው በኋላ ጽፏል። በ1924 ኖርተንና ሶመርቬል ያደሩበትን ስድስተኛ ሰፈር ድንኳንና ስንቅ እስከ 8,170 ሜትር ተሸክመው ያወጡት ናርቡ ይሼ፣ ላክፓ ቼዴና ሰምቹምቢ ነበሩ፤ ያለ ኦክስጅን፣ ሸክም በጀርባቸው፣ እስከዚያ ቀን ከጥቂት ሰዎች በቀር ማንም ያልረገጠውን ከፍታ ረገጡ። የኖርተን ልብስ ዝርዝር በእጃችን አለ፤ የእነርሱ ጫማ ግን በዚያ ቀን በምን ያህል ድርብ ካልሲ ተለበሰ፣ የሸክሙ ማሰሪያ የትከሻቸውን ድርብርብ ጨርቅ ጨምቆ ያንን ሙቀት ያዥ አየር አላባረረም ወይ ብሎ የለካ የለም። ልብሱ የሚሠራው በታሰረው አየር ከሆነ፣ ሸክም የሚጫነው ትከሻ ላይ ሥራውን ያቋርጣል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ይህ በዚያው አሻንጉሊት ላይ በአንድ ቀን ሊፈተን የሚችል ጥያቄ ነው። በዚያ ዓመት ከሞቱት አንዱ የጉዞው ጫማ ሰፊ ማን ባሃዱር ነበር። የሌሎቹን ጫማ የሚጠግነው ሰው የራሱ እግሮች እስከ ቁርጭምጭሚት በውርጭ ተመቱ፤ ከዚያም አልተረፈም።

በሴፕቴምበር 2024 ከተራራው ሥር ባለው የሮንግቡክ በረዶ ላይ ምስማር የተመታበት ቡትስ ውስጥ የሰው እግር ተገኘ፤ ካልሲው ላይ የኧርቪን ስም ተሰፍቶ ነበር። እንደገና ጨርቅ ስም ነገረን። እርሱና ማሎሪ ከቤት ሲወጡ ልብሳቸው ላይ ስማቸውን የሚሰፋላቸው ሰው ስለነበረ ነው፤ ተሸካሚዎቹ እንዲህ ያለ ምልክት አልነበራቸውም። በ1924 ጉዞው ሲያበቃ ጓዶቻቸው ከመነሻ ሰፈሩ አጠገብ የድንጋይ ካብ ሠርተው እስከዚያ በተደረጉት ሦስት ጉዞዎች የሞቱትን የአሥራ ሁለቱን ሰዎች ስም ቀረጹበት። ሦስቱ እንግሊዛውያን ናቸው፤ ዘጠኙ ከሂማላያ አገር የተቀጠሩ ሰዎች። ከእንግዲህ የድሮ ጨርቅ አሸምኖ ኤቨረስት የሚሄድ ሰው ቢኖር፣ የማሎሪን ኮት ይተውና ከማን ባሃዱር ጫማ ይጀምር።